ባለ ሁለት ዓይኑ አህያ

እስቴ ውስጥ ሠዓሊ ነኝ የሚል ሰው ሞልቷል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ የሣለውን ያሳይሃል። ይታየው ግን ሠዓሊ ነኝ ብሎ አያውቅም፤ «ቀለም እቀባለሁ» ነው የሚለው። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ግራር ውሃ ጊዮርጊስ አጥቢያ ይኖራል። በአርባ ዓመት ሥራው ከስማዳ እስከ ጋይንት ያልረገጠው ደብር የለም፤ የረገጠው ግን ለጥገና ነው። ዝናብ የበላውን የሚካኤልን ክንፍ ይቀጥላል፣ ምስጥ የጨረሰውን የሰማዕት እግር ይተካል፣ የሰይጣንን ቀንድ ያድሳል። «አንድ ሙሉ መልአክ ሥዬ አላውቅም» ይላል፤ «ክንፍ ብቻ ነው የሣልሁት። የሣልሁት ክንፍ ሁሉ ቢሰበሰብ እኔን ከነአህያዬ አንሥቶ በበረረ ነበር።»

የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሙሉ ቤተ መቅደስ ከወለል እስከ ጣሪያ በራሱ እጅ ሥሎ መሞት። ይህን መስማት ከጀመርሁ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊም ነኝ፤ ሌላ ሰው እምቢ ስላለ።

ይታየው በልጅነቱ ድጓ ሊማር ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ሄዶ ነበር። አብሮት የሄደው የሰፈሩ ልጅ ወልደ ገብርኤል ነው። ወልደ ገብርኤል ድምፅ ነበረው፣ ይታየው ዱላ ነበረው። አንዱ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሌላው ውሻ ይከላከላል፤ ያገኙትን ቁራሽ እኩል ይካፈላሉ። ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖሩ። ችግሩ የይታየው እጅ ነበር። በሥዕላችን ሕጉ የታወቀ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ያይሃል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ክፉ ሰውና ሰይጣን ግን በጎን ነው የሚሣሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። አንድ ቀን የኔታ ድጓቸውን ሲገልጡ በኅዳጉ ላይ ራሳቸውን አገኙ፤ ከነጥምጥማቸው፣ ከነጭራቸው፣ በአንድ ዓይን። ይታየው በዚያው ዕለት አቆፋዳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ወልደ ገብርኤል ቀረ፣ ተማረ፣ ቀሰሰ፣ ወፈረ። ዛሬ መልአከ ብርሃን ወልደ ገብርኤል ተብለው የግራር ውሃ ጊዮርጊስ አስተዳዳሪ ናቸው። ሰው ፊት ይታየው «እርስዎ» ይላቸዋል። ብቻቸውን ሲሆኑ ምን እንደሚላቸው እዚህ አልጽፍም።

እንግዲህ ደብራችን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠራ። ሲሚንቶ ነው፣ ቆርቆሮው ከሩቅ ያብረቀርቃል፣ ግድግዳው ግን ባዶ ነው። ይታየው ያንን ባዶ ግድግዳ እንደ ሙሽራ እየዞረ ማየት ጀመረ። አባ ወልደ ገብርኤል ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። አሁን በየደብሩ እንደሚታየው፣ ሸራ ላይ የታተመ ሥዕል ከአዲስ አበባ ማስመጣት። «አንድ ቀን ተለጥፎ ያልቃል፤ ደማቅ ነው» አሉ። ደማቅነቱን ደጋግመው ነው ያነሡት፤ ያኔ ነገሬ አላልሁትም። ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ግድግዳው ለማን እንደሚሆን ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ይወሰን ተባለ።

ኤግዚቢሽኑን ያመጣችው ሕይወት ናት። በቱሪዝም ተመርቃ ከደብረ ታቦር የመጣች ልጅ ናት፣ የማታውቀው ነገር የለም። የአካባቢው ጠቢባን ከተፈጥሮ የሠሩትን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እናሳይ አለች። ይታየው ቤት ሄዳ የቀለም ገሉን አንድ በአንድ አሸተተች፤ ቀይ አፈር፣ ጥላሸት፣ አመድ፣ የቅጠል ጭማቂ።

«ጋሼ ይታየው፣ የእርስዎ ቀለም እኮ መቶ በመቶ ኦርጋኒክ ነው» አለችው። «ሰስተይነብል ነው፣ ተፈጥሮን አይጎዳም። ፈረንጅ ይህን ቢያይ ያብዳል።»

«የሱቁን መግዣ ስለሌለኝ ነው፣ ልጄ፣ አፈር የምቀባው» አለ ይታየው። ቆይቶም «ያበደ ፈረንጅስ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጠየቃት።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠረገ። ሕይወት ካርቶን ላይ «ጋለሪ» ብላ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች። የትናየት በሣር የሰፋቻቸውን ሙዳዮች አመጣች፣ ቀንድ ሠሪው ስማቸው ዋንጫዎቹን ደረደረ። አባ ወልደ ገብርኤል በዐቢይ ጾም ዋንጫ በቤተ ክርስቲያን ግቢ መታየቱ ከብዷቸው ነበር፤ ስማቸው «ባዶ ነው አባ» ብሎ አንድ ባንድ ደፍቶ አሳያቸው።

ለይታየው ግን ሁለት ትእዛዝ ወጣበት። አንደኛው፣ ቅዱሳን ለኤግዚቢሽን አይወጡም፤ ስለዚህ ዛፍና እንስሳ ይሣል ተባለ። ሁለተኛው የእንቁላሉ ነገር ነው። ይታየው ቀለሙን የሚያስይዘው በእንቁላል አስኳል ነው፤ መምህሩም፣ የመምህሩም መምህር እንደዚያ ነበር። ወቅቱ ሁዳዴ ነውና በጾም እንቁላል የነካው ሥዕል በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰቀላል ወይስ አይሰቀልም በሚል ጉባኤው ሁለት ሰዓት ተከራከረ። እኔ ጸሐፊው እያንዳንዷን ቃል ጽፌያታለሁ።

«ሰው ቢሳለመውስ?» አለ ተሻገር። ተሻገር የገበሬዎቹ ተወካይ ነው፤ በእርሻም በሃይማኖትም ቀጥ ያለ ሰው ነው። «እንቁላል ከንፈሩን ነካ ማለት እኮ ነው።»

«ዛፍና እንስሳ ማን ይሳለማል?» አልሁ እኔ።

አባ ወልደ ገብርኤል ሳቁብኝ። «መምህር፣ ሕዝቡን አታውቀውም። በቤተ ክርስቲያን ግቢ የተሰቀለውን ነገር ሁሉ ይሳለማል።» ይህም በቃለ ጉባኤው ላይ አለ፣ ገጽ አሥራ ሁለት።

ስለዚህ እንቁላል ቀረ፣ የተልባ ውሃ ተፈቀደ፤ ተልባ የጾም ነውና። ይታየው «ተልባ ለአንጀት እንጂ ለግድግዳ አይሆንም» ብሎ ለመነ። የሰማው የለም።

አምስት ሥዕል ሣለ። አንዱ የገብስ ማሳ ነው፣ አንዱ ጉሬዛ፣ ሁለቱን ረስቻቸዋለሁ። አምስተኛውና ትልቁ፣ በሩን እንዳለፍህ ፊት ለፊት የሚቀበልህ፣ ጓዴ ነው። ጓዴ የይታየው አህያ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ቀይ አፈሩን ከስማዳ ገደል፣ ይታየውን ደግሞ ከየደብሩ ድግስ ተሸክሞ አምጥቷል። መንገድ ሲያልፍ ማንም ሳያዘው አባ ወልደ ገብርኤል ደጅ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አባም አተላ ያወጡለታል። «ከአንተ ይልቅ እሱ ምስጋና ያውቃል» ይሉት ነበር ይታየውን። ጓዴ ባለፈው ነሐሴ በእርጅና ሞተ። ይታየው ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም፤ ሰው ሳቀበት፣ እኔም ስቄበታለሁ።

ጓዴን በአመድ ነጣ አድርጎ ሣለው፣ አፍና አፍንጫውን በጥላሸት አጠቆረው። ፊት ለፊት ነው የሚያይህ፣ እንደ ጽዋ የሰፉ ሁለት ዓይኖች አሉት።

«አህያ በጎን ነው የሚያምረው» አልሁት።

«ጓዴን በአንድ ዓይን ልሥራው?» አለኝ ተቆጥቶ። «ምን በደለኝ?»

የገብር ኄር እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ሕዝቡ አዳራሹ ደጅ ተሰበሰበ። ሥርዓቱ አስተዳዳሪው ቀድመው ገብተው እንዲባርኩ ነበር። ውስጥ የነበርነው እኔና ይታየው ብቻ ነን። አባ ወልደ ገብርኤል ገቡ፤ ከፀሐይ ወደ ጨለማ ነው የገቡት። ጓዴ ፊት ደረሱ፣ ቆሙ፣ አማተቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን አስነኩና የአህያውን አፍንጫ ሳሙት።

ልጮህ ነበር። ይታየው ክንዴን ጨመቀኝ። አባ ቀና ሲሉ ሪዛቸው ጠቁሯል። ይታየው ጠጋ አለና በጋቢው ጫፍ ጠረገላቸው፤ «አቧራ ነው አባ» አለ። እሳቸውም ባርከው በሌላው በር ወጡ።

ያኔ ነው የገባኝ። ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ መነጽሬ ቤት ቀርቷል ይሉኛል። መነጽር ኖሯቸው አያውቅም። ቅዳሴውን በቃል ነው የሚዘልቁት፣ መንገዱን በእግር ልማድ ነው የሚያውቁት። ማየት ያቃተው ቄስ ጽዋ ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ ለማንም አልተናገሩም። ይታየውን ዞሬ አየሁት። እሱ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል።

ከዚያ ሕዝቡ ገባ። መጀመሪያ የሴቶቹ ተወካይ ካሣነሽ ናት፤ እሷም ከፀሐይ ነው የገባችው። ከፊቷ ሁለት ዓይን ያለው ገጽ ቀጥ ብሎ ያያታል፤ አፍንጫው ላይ ደግሞ የከንፈር ምልክት አለ፤ ቀለሙ ለቋል። የተሳለሙት ሥዕል ያስታውቃል፤ በየደብሩ እግሩ ያልተላጠ ሰማዕት የለም። ካሣነሽ አላመነታችም፣ ሳመችው። ከኋላዋ ያለው እሷን አይቶ ሳመ። ሕይወት «እባካችሁ፣ አይነካም» እያለች ትሮጣለች፤ የሷን ድምፅ እልልታው ዋጠው። ሰማንያ የሚሆን ምእመን በሰልፍ ጓዴን ተሳለመ። የይታየው ፊት ላይ የነበረውን ነገር እስካሁን አልፈታሁትም። ሊያስቆማቸው ይፈልግ ነበር፤ ደስም ብሎት ነበር።

ጉዱ የታወቀው ደጅ ፀሐይ ላይ ነው። የሁሉም ከንፈርና ግንባር ድስት የላሰ መስሏል። የትናየት ሙዳዮቿ ላይ ወድቃ ሳቀች።

ተሻገር ከንፈሩን በጣቱ ነክቶ አየና ወደ እኔ መጣ። «መምህር፣ የማንን ሥዕል ነው የተሳለምነው?»

«የይታየውን አህያ» አልሁት፤ ውሸት አይሆንልኝም።

ካሣነሽ ሦስት ጊዜ ተፋች። አንዱ ንስሐ ያስፈልገናል አለ፣ ሌላው ጾማችን ፈረሰ ወይ ብሎ አስጨነቀኝ። «አልፈረሰም፣ ተልባ ነው» ብዬ አጽናናሁት። አባ ወልደ ገብርኤል ከደጀ ሰላሙ ጥግ ቆመው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ሪዛቸው ሲወስዱ አየኋቸው።

በሳምንቱ፣ በኒቆዲሞስ እሑድ፣ ጉባኤው ተቀመጠ። ይታየውም ተጠርቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ስለ ግድግዳው ሊወሰን የነበረው ቀን ስለ አህያው ሆነ። አባ ወልደ ገብርኤል ሊቀመንበር ናቸው፣ ግን አንገታቸውን ደፍተው መቋሚያቸውን በጣታቸው እያሻሹ ነበር።

«እኔ የሳምሁት ተስሞ ስላየሁት ነው» አለች ካሣነሽ። «ቀድሞ የሳመው ይንገረን። ሕዝበ ክርስቲያንን ለአህያ ያሰገደው ማነው?»

እኔ እስክሪብቶዬን አጥብቄ ያዝሁ። አውቃለሁ፤ ብናገር ሽማግሌው ከመቅደስ ይወጣሉ፣ ዝም ብል ይታየው ግድግዳውን ያጣል። ስድሳ ስድስት ዓመት ኖሬ እንደዚያ ቀን ፈሪ ሆኜ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ ይታየው።

«ምን?» አለ ተሻገር።

«እኔ ነኝ የሳምሁት። አህያዬ ነው፣ ሞቶብኛል። ሣልሁት፣ ጓዴን መሰለኝ፣ ሳምሁት።»

አህያ የሚስም ሰው የመድኃኔዓለምን ፊት አይሥልልንም ተባለ። ለታተመው ሸራ እጅ ይውጣ ሲባል ከእኔ በቀር ሁሉም አወጣ። ይታየው በሩን ተደግፎ በመስኮቱ ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ያያል። ሠላሳ ዓመት የሰማሁት ምኞት በአንድ ደቂቃ አለቀ፤ የጨረስሁትም እኔው ነኝ፣ «በድምፅ ብልጫ» ብዬ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ። ተናደድሁ። ወረቀቱን አባ ፊት አኑሬ «ይፈርሙ» አልኋቸው፤ አነጋገሬ ሥርዓት አልነበረውም።

አባ ወልደ ገብርኤል እስክሪብቶውን ያዙ። ጫፉ ከፊርማው መስመር ርቆ፣ ከወረቀቱም አልፎ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። እዚያው አስቀመጡት።

«አህያውን የሳምሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ፈረሱ መስሎኝ ነው። የጊዮርጊስ ፈረስ።»

ካሣነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኧረ አባቴ፣ ጊዮርጊስ እኮ ከላዩ የለም» አለቻቸው።

«የወረደ መስሎኝ» አሉ አባ።

ተሻገር ቀድሞ ፈነዳ። ካሣነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ አባም ራሳቸው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ሲያልቅ ነው የተናገሩት ምን እንደሆነ የገባን።

«ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ» አሉ። «ጭላንጭል ነው የቀረኝ። የታተመውን የፈለግሁት ደማቅ ስለሆነ ነው፤ እሱን እንኳ አየዋለሁ ብዬ። ከዛሬ ጀምሮ ለቅዳሴ መቅደስ አልገባም፤ ጽዋ በማያይ ሰው እጅ አይያዝም። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣ አቃተኝ። ያንን ወረቀት ቅደደው መምህር።»

እንደዚያ ደስ ብሎኝ ወረቀት ቀድጄ አላውቅም። ካሣነሽ ታለቅስ ነበር። ለይታየው እጅ ይውጣ ሲባል ከሁሉም ቀድማ ያወጣችው ግን እሷ ናት፤ «ጾሙ ይፈታ፣ በእንቁላል ይሥራው፤ እንቁላሉን እኛ ሴቶቹ እናመጣለን» አለች።

ሕይወት አባን ባሕር ዳር ወስዳ አሳየቻቸው። ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፤ የዓይን ነርቭ ነው፣ አይመለስም ተባለ። አሁን እሑድ እሑድ በቅኔ ማኅሌቱ በር አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። ድምፃቸው እንዳለ ነው። በሚያስቀድሱበት ጊዜ ግን ወደ መቅደሱ አቅጣጫ እግራቸው ሲላወስ አይቻለሁ፣ አያስችልም።

ከፋሲካ በኋላ እንቁላሉ በአገልግል፣ በሰፌድ፣ በነጠላ ጫፍ ጎረፈ። ይታየው ግማሹን ቀባው፣ ግማሹን በላው። መጀመሪያ የሣለው ሆሳዕናን ነው። ጌታችን የተቀመጠበት አህያ ነጣ ያለ ነው፣ አፉ ጥቁር ነው፣ ፊት ለፊት ያያል። ካሣነሽ አይታው «በዚህስ ልክ ነው» አለች፤ ከዚያም ግራ ቀኝ አይታ ሳመችው። ከንፈሯን ጠረገች፤ አልለቀቀም።

በሥዕሉ ግርጌ፣ ያሣለው ሰው ተደፍቶ በሚሣልበት ቦታ፣ ይታየው አባ ወልደ ገብርኤልን ሣላቸው፤ ከነጥምጥማቸው፣ ከነውፍረታቸው። አንድ ቀን ከሰዓት እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ሦስታችን ብቻ ነበርን፣ ስለዚህ «አንተ» ነው የሚላቸው።

«ሠራሁህ» አላቸው።

«በስንት ዓይን?» አሉ አባ። ቀልድ ለማድረግ ሞክረው ነበር፣ እጃቸው ግን ግድግዳውን ፍለጋ ተዘርግቷል።

ይታየው ጣታቸውን ይዞ ግድግዳው ላይ አስቀመጠው። ቀለሙ ወፈር ያለ ነው፤ በእጅ ይታወቃል። አባ አንዱን ዳሰሱ፤ ቆይተው ሁለተኛውን አገኙት። ደጋግመው ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዱ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ላይ ወጣና አህያው ላይ ደረሰ።

«የሱ ዓይን ከእኔ ይሰፋል» አሉ።

«እሱ አንተን ከሌላ ሰው አምታቶህ አያውቅም» አላቸው ይታየው።